«አሁን ይመጣል»



ባለፈው ክረምት አንዲት የቤተ ክርስቲያናችንን እናት ይዤ ባንክ ሄጄ ነበር። ልጃቸው ከቤይሩት የላከችላቸውን ገንዘብ ሊያወጡ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ሲስተም የለም» አለችን። መቼ እንደሚመጣ ብጠይቃት «አሁን ይመጣል፤ ቁጭ በሉ» አለች። ተቀመጥን። አራት ሰዓት ላይ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ተባልን። ስድስት ሰዓት ላይ «እየሠሩት ነው፤ አሁን ይመጣል»። አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ ተዘጋ።

እማማ ገንዘቡን የፈለጉት ለስኳር መድኃኒታቸው ነበር። ኢንሱሊናቸው በዋዜማው አልቋል። ምሳም ሳይበሉ ዋሉ። ማታ ራሳቸውን ስተው ጎረቤቶቻቸው ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት «ዛሬ አይመጣም» ብትለን ኖሮ ከጎረቤት ተበድሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን እገዛላቸው ነበር። ወንበሩ ላይ ያሰረን የሲስተሙ መበላሸት ሳይሆን «አሁን ይመጣል» የሚለው ቃል ነው።

በልጅቷ ተናድጄ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሥራው ኮምፒዩተር ነው፤ ሰምቶኝ ሲያበቃ «እማ፣ እሷ ምን ታድርግ? የነገሯትን ነው የነገረችሽ። የነገሯትም ሰዎች አያውቁትም» አለኝ። እንዲህም አስረዳኝ፦ ሲስተም ሲወድቅ ጥገናው ራሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ረጅሙ ችግሩ የት እንዳለ መፈለጉ ነው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው በሩን ለመክፈት ቅጽበት ይበቃዋል፤ ቁልፉን ሲፈልግ ግን ይመሻል። ባለሙያው «አሥር ደቂቃ» ሲል በሩን የሚከፍትበትን ብቻ ቆጥሮ ነው።

ነገሩ በኮምፒዩተር ሰዎች ብቻ የሚታይ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳንኤል ካህነማን በራሱ ላይ የደረሰውን ጽፏል። በ1970ዎቹ እስራኤል ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ቡድን ነበረው። ሥራው መቼ እንደሚያልቅ እያንዳንዱ በወረቀት እንዲጽፍ ጠየቃቸው፤ ሁሉም ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ጻፉ። ከዚያ ከመካከላቸው ልምድ ያለውን ሰው «እንደኛ ያሉ ሌሎች ቡድኖች ስንት ፈጀባቸው?» አለው። ሰውየው ትንሽ አሰበና 40 በመቶ ያህሉ ጭራሽ እንዳልጨረሱ፣ የጨረሱትም ከ7 እስከ 10 ዓመት እንደወሰደባቸው ተናገረ። እሱ ራሱ ከደቂቃዎች በፊት እንደ ሌሎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ጽፎ ነበር! ይህን ሰምተውም ሥራቸውን ቀጠሉ። መጽሐፉ በ8 ዓመት አለቀ።

ባንክን ካነሳሁ አይቀር፣ በእንግሊዝ አገር ቲኤስቢ የተባለው ባንክ የደረሰበት በሰፊው ተጽፏል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር አገልግሎቱን ዓርብ ከሰዓት ዘግቶ እሑድ ማታ እንደሚከፍት አስታወቀ። እሑድ ሲደርስ እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ከሒሳቡ ውጭ ቀረ፤ የሌላ ሰው ሒሳብ የታየውም ነበረ። ረቡዕ ዋና ሥራ አስኪያጁ «ተመልሷል» ብለው አወጁ፤ ብዙዎች ግን አሁንም መግባት አልቻሉም። ሁሉ ነገር ወደ ቦታው የተመለሰው በታኅሣሥ ነው። በኋላ የሕግ ባለሙያዎች ሲመረምሩት፣ አስቀድሞ የማለቂያው ቀን ተቆርጦ ሥራው በዚያ ልክ ወደ ኋላ ተሸንሽኖ እንደነበር አገኙ። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

በሉቃስ 14 ላይ ጌታ ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረውን ምሳሌ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሰውየው ቁጭ ብሎ የሚቆጥረው ብሩን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀኑንም ይቆጥራል ማለት ነው።

ለነገሩ እኔም ማንን ልወቅስ? ፓስተሬ መድረክ ላይ «ልጨርስ ነው» ካለ በኋላ ገና ሁለት ምዕራፍ እንደሚያስገልጠን ምእመኑ ሁሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ «አንድ ጊዜ ደርሼ ልምጣ» ብዬ ልጆቼን ስንት ማታ እራት ሳይበሉ አስጠብቄአለሁ። ስለው ክፋት አልነበረብኝም። ተስፋ ማስቆረጥ አልፈልግም፤ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው። ያቺ የባንክ ልጅም ምናልባት እንዲሁ ለእማማ አዝና ይሆናል።

ከወር በኋላ እማማን ይዤ እዚያው ባንክ ተመለስን። አሁንም ሲስተም የለም። መስኮቱ ላይ ሌላ ልጅ ነበር። «እማማ፣ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። አይጠብቁ» አላቸውና የቅርንጫፉን ስልክ በብጣሽ ወረቀት ጻፈልን፤ «ነገ ጠዋት ደውለው ይምጡ።» ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ገብተን ቡና አፈላሁላቸው። ለመድኃኒቱ የሚሆነውን ከጎረቤቴ ተበደርኩ።