የናይቫሻው ካርፕና የጣና አደራ

በናይሮቢ ከተማ በሳውዝ ሲ ሠፈር የምንኖር ኢትዮጵያውያን የዕረፍት ቀናችንን በምን እንደምናሳልፈው ብንጠየቅ መልሱ አይቸግረንም፤ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ይፈላል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ከዊልሰን የአውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡት ትንንሽ አውሮፕላኖች በጣሪያችን ላይ ሲያልፉ ጨዋታችን ለጥቂት ጊዜ ይቋረጥና እንደገና ይቀጥላል። ይህን ልማድ አልነቅፍም። ነገር ግን ከዚህ ሠፈር የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል 1,880 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛው የናይቫሻ ሐይቅ፣ ካርፕ የተባለውን ዓሣ ለመያዝ ሦስትና አራት ቀን በአንድ ስፍራ ለሚታገሥ ሰው ታላቅ ትምህርት ቤት መሆኑን ስላየሁ፣ ወገኖቼ ይህን ተግባር እንዲለማመዱት፣ ሲለማመዱትም በዓሣው ላይ ምን ማድረግ እንደሚገባቸውና ምን ማድረግ እንደማይገባቸው አሳቤን ለመግለጽ ወደድሁ።

ለብዙ ቀን ተቀምጦ ካርፕን የመጠበቅ ልማድ በተለይ የተስፋፋው በእንግሊዝ አገር ነው። አይዛክ ዋልተን በ1653 ባሳተመው የዓሣ ማጥመድ መጽሐፉ ስለዚሁ ዓሣ ብልኃተኛነት ጽፏል (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም በ1952 ሪቻርድ ዎከር የተባለው አጥማጅ ሬድማየር ከሚባል አነስተኛ ኩሬ ሃያ ኪሎ ያህል የሚመዝን ካርፕ አውጥቶ ለለንደን የአራዊት ማቆያ በሰጠ ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን ግዙፍ ዓሣ በመንጠቆ መያዝ አይሞከርም ይሉ የነበሩ ሰዎች ዝም አሉ። ካርፕ ጨጓራ የሌለው ፍጥረት በመሆኑ ጥቂት በጥቂት ያለማቋረጥ ይመገባል፤ ጥርሱም በመንጋጋው ላይ ሳይሆን በጉሮሮው ውስጥ የበቀለ ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ከጭቃው ጋር ወደ አፉ ይስበዋል፣ ይመረምረዋል፣ የማይበላውንም መልሶ ይተፋዋል።

አጥማጁም ጥበቡን ያበጀው ከዚሁ የዓሣው ጠባይ ተነሥቶ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ተዘፍዝፎ የተቀቀለ የበቆሎ ንፍሮ ይዘጋጃል፤ ፍሬው ግን በመንጠቆው ላይ አይሰካም። ከመንጠቆው ጀርባ እንደ ጠጉር የቀጠነች አጭር ክር ትታሰርና ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ በእርሷ ላይ ይደረደራል፤ መንጠቆው ራሱ ባዶውን ይቀራል። ካርፑ ፍሬውን በሳበ ጊዜ መንጠቆው ተከትሎ ይገባል፣ ሊተፋው በሞከረ ጊዜ ደግሞ ጫፉ በታችኛው ከንፈሩ ሥጋ ላይ ይተከላል። ይህን ያህል ረቂቅ ዝግጅት ከተደረገ በኋላ ለሰውየው የሚቀረው ሥራ ከዘንጉ አጠገብ ተቀምጦ በጽሞና መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሙሉ ቀን ምንም ላይነካው ይችላል፣ ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሊያልፍ ይችላል። በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ባዶ መረብ የጎተቱትን ሐዋርያት ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሰማን፣ ሱባኤ የሚገቡ አባቶችና እናቶች ያሳደጉን ሰዎች፣ ይህን ዓይነቱን ትዕግሥት እንደ ባዕድ ነገር ልንቆጥረው አይገባንም።

ናይቫሻ ግን ሬድማየር አይደለም። የእንግሊዙ አጥማጅ በድንኳኑ ደጃፍ ሌሊቱን ሙሉ መንጠቆውን ውሃ ውስጥ ጥሎ ያድራል፤ በናይቫሻ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳርቻው የጉማሬ ነው፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ በሚወጣበት መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው ሕይወቱን ያጣልና ከማታ በፊት ክሩን ሰብስቦ ከማረፊያው አጥር ውስጥ መግባት ግድ ነው። የመንግሥትን የማጥመጃ ፈቃድ ሳያወጡ መጀመርም ሕግን መጣስ ነው።

ቀናቱ እየጨመሩ ሲሄዱ ተቀማጩ ሰው ሐይቁን ማንበብ ይጀምራል፤ ከተግባሩ ሁሉ እጅግ የምወደው ይህንን ነው። በመጀመሪያው ቀን ደንገሉንና ንስሩን ያደንቃል፤ በሦስተኛው ቀን ውሃው በየትኛው ሰዓት እንደሚደፈርስ፣ ነፋሱ አረፋውን ወደየት እንደሚገፋው፣ ጎሕ ሲቀድ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሱ እንደሆነ ያስተውላል። ሌሊት ዕፀዋተ ማይ አየር ሳይሰጡ የሚተነፍሱ ስለሆኑ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በ2010 መጀመሪያ በናይቫሻ ብዙ ዓሦች ሞተው በተንሳፈፉ ጊዜ አንዳንዶች በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን የአበባ እርሻዎች የተባይ መድኃኒት ሲከሱ የመንግሥት ባለሥልጣኖች ምክንያቱ የኦክስጅን እጥረት ነው ብለው ነበር። እንዲህ ያለውን ጉዳይ በጊዜው ሊያውቅ የሚችለው በማለዳ ከዳርቻው የማይጠፋ ሰው ነው። ጠባቂ ያጣ ውሃ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ለሳውዝ ሲ ነዋሪ ምስክሩ ቅርብ ነው፤ በ1953 የተሠራው የናይሮቢ ግድብ በአንድ ዘመን ጀልባ የሚቀዘፍበትና ዓሣ የሚጠመድበት ውሃ ነበረ፤ የፍሳሹ ክፋት ሲበረታ መዝናኛው ቀረ፣ እንቦጭም ሸፈነው። ሽታው ሲመጣ ባለጀልባዎቹ ባይሄዱ ኖሮ ግድቡ ይድን ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ለውሃው የሚከራከርለት ሰው ከሄደ በኋላ ነገሩ እንደባሰ ዛሬ በላንጋታ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።

እንግሊዛዊው አጥማጅ ካርፑን ካወጣ በኋላ በእርጥብ ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ፣ መዝኖ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በክብር ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ይህ በአገሩ መልካም ነው፤ በናይቫሻ ግን ልንከተለው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ካርፕ ለናይቫሻ እንግዳ ነው። ሐይቁ የራሱ የነበረው አንድ ታናሽ ዓሣ ብቻ ሲሆን እርሱም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አልታየም፤ በ1929 ለመዝናኛ ሲባል ብላክ ባስ የተባለ ዓሣ ከአሜሪካ መጣ፣ በ1950ዎቹ ቆሮሶ ተጨመረ፣ በ1970 የሉዊዚያናው ቀይ ክሬይፊሽ የተባለ የሸርጣን ዘመድ ገባ። ካርፑ በሐይቁ ውስጥ የተገኘው በ2001 ሲሆን፣ በማሌዋ ወንዝ ላይኛው ተፋሰስ ከነበረ የዓሣ ኩሬ ወይም ግድብ በጎርፍ ተወስዶ እንደወረደ ይታመናል፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላም ከአጥማጆቹ መረብ የሚወጣው ዓሣ አብዛኛው እርሱ ሆነ። አንዲት እናት ካርፕ በአንድ ወቅት በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለችና ይህ አያስደንቅም። ጭቃውን እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የዕፀዋቱንም ሥር ይነቅላል፤ ለዳርቻው ድኻ ሕዝብ ግን ርካሽ ምግብ ሆኖለታል። ስለዚህ ያወጣነውን ካርፕ ወደ ቤታችን ይዘን እንሂድ፤ አጥንቱ የሚያስቸግረን እንደሆነ በዳርቻው ዓሣ ለሚጠብሱት ሴቶች እንስጥ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እርሱ የሊቃውንቱ ነው።

የናይቫሻ ታሪክ በእኛ አገር ላይ እጅግ የሚያስፈራኝ በጣና ምክንያት ነው። ካርፕ በዝዋይ፣ በቆቃ፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ሥር ባለው፣ ሐይቅ በሚባለው ውሃም አለ፤ ከጣና በታች በዓባይ ተፋሰስ በፊንጫ ግድብም ገብቷል። በጣና ውስጥ ግን በካርፕ ቤተ ዘመድ የሚቆጠሩ፣ ነጭ ዓሣ እያልን በጅምላ የምንጠራቸው፣ ዐሥራ አምስት ያህል በዓለም ላይ ሌላ ማደሪያ የሌላቸው ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዘመነ ክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ ከመጣ ወዲህ ቁጥራቸው ክፉኛ መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ በዚህ ላይ ሌላ ጠላት መጨመር ግፍ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አርባ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግድግዳ ስለሆነ በፊንጫ ያለው ካርፕ በገዛ ክንፉ ሊወጣው አይችልም። ካርፕ ወደ ጣና የሚገባ ቢሆን በሰው እጅ ብቻ ነው፤ በጀሪካን ተጭኖ፣ ለኩሬ ተብሎ፣ ለበጎ ታስቦ። የናይቫሻውም ከላይ ካለ የሰው ኩሬ ወይም ግድብ በጎርፍ እንደመጣ ይታመናል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይህ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የአማራ ክልል መንግሥትም የራሱን ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለው። ስለዚህ በቆጋ፣ በርብ፣ በመገጭና ወደ ጣና በሚፈስ በማንኛውም ወንዝ ላይ በሚሠራ ግድብም ሆነ በገበሬው ጓሮ በሚቆፈር ኩሬ የካርፕ ጫጩት መጣል በግልጽ ቃል ይከልከል፤ ከሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ሆነ ከሌላ ማራቢያ ጫጩት የሚወስድ ሁሉ የት እንደሚጥለው በጽሑፍ አስታውቆ ይፈርም፤ ከናይሮቢ ዘንጉን ይዞ ለዕረፍት ባሕር ዳር የሚወርድ ወገኔም በጣና ዳር እንደ ናይቫሻው ሦስት አራት ቀን ይቀመጥ፣ ያጠመደውን ነጭ ዓሣ ቆዳው ሳይደርቅ ወደ ውሃው ይመልስ፣ ካርፕ ያየ እንደሆነ ግን ፎቶግራፉን አንሥቶ በዚያው ቀን ለባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከል ያድርስ።