የማያለቅስ ሕፃን ሕመም
ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ ሕፃን በፅኑ ሕሙማን ክፍል ተረከዙ ተወግቶ ደም ሲወሰድለት ብዙ ጊዜ አያለቅስም። ለማልቀስ የሚበቃ አቅም የለውም፤ የመተንፈሻ ቱቦ ከገባለት ደግሞ ቢያለቅስም ድምፁ አይወጣም። ሕመሙ በሌላ መንገድ ይታያል፦ ግንባሩ ይቋጠራል፣ ዓይኑ ይጨመደዳል፣ ጣቶቹ ይንጨፈረራሉ፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ በደሙ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። ይህን ሁሉ በቅርብ የምታየው ነርሷ ናት። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካ ጭምር ጨቅላ ሕፃናት ያለ በቂ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር፤ የሕፃንን ሕመም እንደሌለ መቁጠር ምን ያህል ጭካኔ እንደሚወልድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። የተረከዝ መወጋት ሕመም ማስታገሻው ዛሬ ቀላል ነው፤ ከመወጋቱ 2 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ በልክ የተዘጋጀ የስኳር ውሃ ጠብታ በምላሱ ላይ ማድረግ፣ ከተቻለም የእናት ጡት ወይም ገላ ለገላ እቅፍ። የሚከብደው የመወጋቱን ቁጥር ለመቀነስ ሐኪሙን «ይህ ምርመራ ከማታው ጋር አብሮ ቢወሰድስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው እንደ ድፍረት በሚታይበት ክፍል ነርሷ ከሐኪሙ ጋር ባለመቃቃርና ለሕፃኑ በመቆም መካከል ትወጠራለች። ይህን ሸክም ለአንዲት ሠራተኛ ብቻ መተው ስሕተት ነው፤ አንድ መርፌ የሚያስቀር ጥያቄ በሕክምና መዝገቡ ሊሰፍርና ሐኪሙም በጽሑፍ ሊመልስበት ይገባል።