አምላኩን የነቀፈ ሊቅ

አምልኮን የሚሰብክ ፊልም የሚሠራ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ጠያቂውን ትዕቢተኛ፣ ተከራካሪውንም ከሐዲ አድርጎ ይሥልና ድሉን ገና ከመነሻው ለአምላኩ ያስረክባል፤ እንዲህ ያለው ሥራ አማኙን ለጊዜው ደስ ያሰኘው ይሆናል እንጂ ሃይማኖቱን አያጸናለትም ባይ ነኝ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ በታሚል ቋንቋ የተሠራው «ቲሩቪላያዳል» ዛሬም ሊመሰገን የሚገባው ከዚህ ልማድ ወጥቶ በመገኘቱ ነው።

ፊልሙ የተመሠረተው፣ የሂንዱዎች አምላክ ሺቫ በማዱራይ ከተማ በልዩ ልዩ አምሳል እየተገለጠ ያደረጋቸውን 64 ተአምራት በሚተርክ ድርሳን ላይ ነው። አዘጋጁ ኤ. ፒ. ናጋራጃን ከመረጣቸው ታሪኮች ሁሉ ልቆ የሚታየኝ የድሃው ባለቅኔ የዳሩሚ ነው። የፓንድያ ንጉሥ፣ የሴት ጠጕር መዓዛ ከተፈጥሮ የተገኘ ነው ወይስ ከአበባና ከሽቱ የሚል ጥርጥር ያድርበትና፣ ይህን በቅኔ ለሚፈታለት ሰው 1,000 ወርቅ እንደሚሸልም ያስነግራል። ናጌሽ የሚጫወተው ዳሩሚ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ብቻውን እየተንቆራጠጠ፣ ያልያዘው ወርቅ ያመለጠው ይመስል ሲያለቅስ፣ ሺቫ ባለቅኔ መስሎ ይቀርበውና የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፤ ነገር ግን በንጉሡ ጉባኤ ናኪራር የተባለው ሊቅ ተነሥቶ፣ ጕድለቱ ከቃሉ ሳይሆን ከምሥጢሩ ነው ብሎ ይጥለዋል። አምላኩ ተቈጥቶ በአካል ቢሟገተው፣ በመጨረሻም በግንባሩ ያለውን ሦስተኛ ዓይን ገልጦ እሳቱን ቢለቅበት፣ ሊቁ የተከራካሪውን ማንነት ካወቀ በኋላ እንኳ ፍርዱን አያነሣም።

እርግጥ ናኪራር በእሳቱ መቃጠሉ አልቀረም፤ ስለዚህ ያሸነፈው ሥልጣን ነው የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ ሺቫ መልሶ ሲያስነሣው፣ ዕውቀቱን ሊፈትን እንደ መጣ ይነግረዋል እንጂ ፍርዱን ሐሰት ነው አይለውም፤ ሊቁም በበኩሉ ሽልማቱ ለድሃው ይሰጥ ዘንድ ይለምናል። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን ናጋራጃን የናኪራርን ቦታ ለሌላ ተዋናይ ሳይሰጥ ራሱ መጫወቱ ነው፤ ፊልሙን ለአምላኩ ክብር የሠራው ሰው፣ አምላኩን የሚነቅፈውን ቃል በገዛ አፉ ተናገረው።

ዘመኑም ይህን የሚጠይቅ ነበር። በታሚሎች አገር የካህናትን ሥልጣን የሚነቅፈውና አምላክ የለም እስከ ማለት የደረሰው የድራቪዳውያን ንቅናቄ በርትቶ ነበር፤ ሺቫን ሆኖ የተጫወተው ሲቫጂ ጋኔሳን ራሱ ስሙ የተጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም.፣ የንቅናቄው ሰው ካሩናኒዲ በደረሰው «ፓራሳክቲ» በተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ በወጣበት ዓመት መባቻ ደግሞ የማድራስ ተማሪዎች የሂንዲን የበላይነት ተቃውመው ለቋንቋቸው አደባባይ ወጥተው ነበር። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ተራ ስብከት ማቅረብ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር፤ የታሚል ሊቅ በታሚል ቋንቋ አምላክን ሲሟገት ማየት ግን አማኙንም የማያምነውንም በአንድ አዳራሽ ሊያስቀምጥ የሚችል ነገር ነው።

እንግዲህ በየትኛውም ሃይማኖት መንፈሳዊ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ፣ የበረታውን ቃል ለጠያቂው ለመስጠት አይፍራ። በተመልካቹ ልብ ያለው ጥያቄ በመጋረጃው ላይ ስላልተነሣ አይጠፋም፤ ሳይመለስ አብሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ።