የአስፋልት ዳር አረንጓዴ

የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ። ከሥራው ጋር አንድ መለኪያ አብሮ ወርዷል፤ ከተማ አረንጓዴ ሆነ የሚባለው ዋናው ጎዳና ሲሰፋ፣ አካፋዩ ሳር ሲለብስ፣ ዘንባባ ሲተከልና መብራት ሲንቆጠቆጥ ነው። የእግረኛ መንገዱ በእርግጥ ይጠቅማል፤ የብስክሌት መስመሩም እንዲሁ። ጥፋቱ ከመኪና መስኮት የሚታየውን ብቻ መቁጠሩ ላይ ነው። የነዋሪውን ጤና የሚወስነው ጉዳይ በአብዛኛው ያለው ከጎዳናው ጀርባ ነው።

ከሁሉ በፊት ፍሳሽ አለ። ባሕር ዳርን ጨምሮ አብዛኞቹ የክልል ከተሞች ሰፈሮችን የሚያገናኝ የፍሳሽ መስመር የላቸውም። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ ኪራዩ ከከበደ ደግሞ ክረምት ተጠብቆ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ይለቀቃል። ባሕር ዳር ላይ የቦዩ መጨረሻ ጣና ወይም ዓባይ ነው። ሐዋሳ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ሐይቁ ጥቁር ውኃ ወንዝና የከተማው ጎርፍ ያመጡትን ሁሉ ይቀበላል፤ ፀሐይ ውኃውን ብቻ ስትወስድ ዝቃጩና ኬሚካሉ እዚያው ይቀራሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ ተሠርቷል። ከፋብሪካው የተጠየቀው ጥብቅነት ከሆቴሉ፣ ከገበያውና ከመኖሪያ ሰፈሩ አልተጠየቀም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁ ላይ ከታየ ዓመታት አልፈው ነበር። አረሙን ለመንቀል ሕዝብ በዘመቻ ወጣ፣ ማሽንም ገባ፤ የሚመግበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን መፍሰሱን ቀጠለ። ብዙው ከፎገራና ከደምቢያ ማሳዎች ታጥቦ የሚመጣ በመሆኑ ሁሉን በባሕር ዳር ማላከክ አይገባም። ቢሆንም የከተማዋን ድርሻ መቀነስ የምትችለው ከተማዋ ብቻ ናት። በሐይቁ ዳር ያለው የደንገል ረግረግ ይህን ንጥረ ነገር ያለ አንዳች ክፍያ ያጣራ ነበር። ዳርቻው ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለግንባታ እየተሸነሸነ ሲሄድ ነፃው ማጣሪያም አብሮ ሳሳ። ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የተተከለ ሳር ለዚህ ምትክ አይሆንም።

ሳሩ ራሱ ውኃ ጠጪ ነው። የባሕር ዳር ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በቀሪዎቹ ወራት አካፋዩ እንዲለመልም ቦቴ መመላለስ አለበት። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቅንጦት ነው። በዚያ ላይ ሳሩን መርገጥ ክልክል ነው። ዘንባባም ቢሆን ጥላው ቀጭን ነው፤ በሚያዝያ ፀሐይ አላፊ አግዳሚውን የሚያሳርፉት ዋርካ፣ ዋንዛና ሾላ ናቸው፤ እነርሱ ግን ቶሎ አይደርሱም፤ ለምረቃ ቀን አይመቹም።

ትንሽ ከተማ ከዋና ከተማ የሚበልጥበት ትልቁ ሀብት የርቀቱ ማጠር ነው። ባሕር ዳር ሜዳማ ናት፤ ሠራተኛና ተማሪ ያለማንም ቅስቀሳ ብስክሌት ሲነዳ ኖሯል። ጎዳና ለማስፋት ነዋሪው ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር ሲሄድ ግን በእግር ወይም በብስክሌት ይደረስበት የነበረው ሥራና ትምህርት ቤት የባጃጅ ሒሳብ ይጠይቃል። የባጃጁ ጭስና ወጪ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ለብስክሌት መስመር ቀለም ቀብቶ ብስክሌተኛውን ማራቅ ራሱን የሚያፈርስ ዕቅድ ነው።

የከተማ ምክር ቤቶች የሚቀጥለውን የኮሪደር በጀት ከማጽደቃቸው በፊት መጣጭ መኪናው የት እንደሚደፋ፣ ከውኃው ዳር ስንት ሜትር ከግንባታ ነፃ እንደሆነ፣ የተነሱት ነዋሪዎች ከሥራቸው ስንት ኪሎ ሜትር እንደራቁ በቁጥር እንዲቀርብላቸው ይጠይቁ። መልሱ እስኪገኝ ለሳር የሚወጣው ብር ይቁም።