ሐይቅ በኬ ነው በኪው?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «ሐይቅ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። አጠገባችሁ ያለው ጓደኛችሁም ሳያያችሁ ይጻፍ። አንዳችሁ በኬ ትጨርሱታላችሁ፣ ሌላችሁ በኪው። መሃል ላይ አንዱ ዋይ ያስገባል፣ ሌላው አይ። ይኸው አራት አጻጻፍ ሆነ። ዋይና አይን አከታትለው የሚጽፉትን ስንጨምር ስድስት ደረሰ። በአማርኛ ሦስት ፊደል ብቻ የሆነች ስም!

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ እያንዳንዱ አጻጻፍ የሌላ ሰው ቤት የሚያስገባ መሆኑ ነው። በዋይና በኬ ስትጽፉት የአርመኖች አፈ ታሪክ ውስጥ የሕዝቡ አባት የሚባለው ጀግና ስም ይሆናል፤ ዛሬም ብዙ አርመናውያን ወንዶች ይጠሩበታል። ዋዩን በአይ ስትቀይሩት በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ ሌላ ቃል ነው፤ የሰሜን አፍሪካ ሴቶች ከላይ የሚከናነቡት ሰፊ ልብስ ማለት ነው። እሱ ላይ ዩ ብትጨምሩ በሦስት ስንኝ የሚያልቀው የጃፓኖች አጭር ግጥም ይመጣል። ድምፁን ብቻ ሰምቶ የጻፈ እንግሊዛዊ ደግሞ ወይ የተራራ የእግር ጉዞ ላይ ይደርሳል፣ ወይ እኛ የኢኮኖሚክስ ልጆች ክፍል ውስጥ «ፕራይስ ሃይክ» እያልን የተማርነው የዋጋ ጭማሪ ላይ። የዋጋ ጭማሪን እንኳ ማንም ሳይፈልገው ያገኘዋል።

የእኛ ሐይቅ ግን ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ያለችው ከተማና ከአጠገቧ የተኛው ውኃ ናቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተማሪ ሰብስበው ያስተማሩበትና መጻሕፍት ያሰባሰቡበት ቦታ ነው። የጽሕፈት አገር ሆኖ ሳለ ዛሬ ስሙን እንዴት እንደምንጽፈው አልተስማማንም።

በራሳችን ፊደልም «ሐ»ን በ«ሀ»ና በ«ኃ» እየቀያየርን እንጽፋለን፣ እውነት ነው። ግን በየትኛውም ብንጽፈው አንባቢው የሚያነበው ያንኑ ቃል ነው። በላቲን ፊደል ግን ቃሉ ራሱ ይቀየራል።

ጉዳዩ የገንዘብም ነው። ሐይቅ ዳር ዓሣ ጠብሶ የሚሸጥ አንድ ወጣት አስቡ። የፌስቡክ ገጹን በኬ ከፈተ፤ ካርታ ላይ ያስመዘገበለት ጓደኛው በኪው ጻፈው፤ ታፔላ የሠራለት ሰው ደግሞ አይ አስገባበት። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ቤቱን ሲፈልግ ሦስት የተለያየ ቤት ይመስለዋል። የተሰጠው ጥሩ አስተያየትም ሦስት ቦታ ይበተናል። በኢኮኖሚክስ ይሄ የፍለጋ ወጪ ይባላል፤ የሚከፍለው ደግሞ ፈላጊው ብቻ ሳይሆን ሻጩም ነው።

«ጎግል እኮ ራሱ ያስተካክለዋል» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንዴ አዎ። ሰነድ የሚያመሳክር ሲስተም ግን እንደዚያ አያዝንም፤ ፊደል በፊደል ነው የሚያየው። የማውቀው ልጅ ስሙ በ«ቅ» ይጀምራል። ዲግሪው ላይ በኬ ተጻፈ፣ ፓስፖርቱ ላይ በኪው። ለስኮላርሺፕ ሲያመለክት «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አምጣ» ተባለ። እሱ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ቀነ ገደቡ አለፈ። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ የቀረው በአንዲት ፊደል ነው።

ነገሩ ከየት መጣ? ላቲን ለ«ቅ» ድምፅ የራሱ ፊደል የለውም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1967 የአማርኛ የቦታ ስሞች በላቲን የሚጻፉበትን ሥርዓት አጽድቆ ነበር። ምሁራንም «ቅ»ን ከ«ክ» ለመለየት ኬ ላይ ጭረት ወይም ነጥብ ያደርጋሉ። ግን ማን ስልኩ ላይ ነጥብ ፍለጋ ይሄዳል? ፓስፖርት ላይ ማሽን የሚያነበው መስመርም ከኤ እስከ ዜድ ካሉት 26 ፊደላት ሌላ ምልክት ያለው ፊደል አይቀበልም። ጭረቱ ሲወድቅ «ቅ» እና «ክ» አንድ ይሆናሉ።

ስለዚህ እኔ ኪው ነው የምለው። አንደኛ፣ መፍትሔው እዚሁ ጎረቤት አለ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ «ቅ» ሁልጊዜ ኪው ነው፤ ከሚሴ ያለ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በዚህ አይከራከርም። ሁለተኛ፣ ዓለም ለምዶታል። የኢራቅ ስም በእንግሊዝኛ በኪው ነው የሚያልቀው፤ ማንም አልተቸገረበትም። ሐይቅም መጨረሻዋ እንደ ኢራቅ ነው። ዋዩን ደግሞ በቦታው እንተወው፤ አራት ፊደል፣ በቃ።

እውነቱን ለመናገር ግን የትኛው ይመረጥ ከሚለው ይልቅ ሁላችንም አንዱን መምረጣችን ይበልጣል። መኪና በቀኝ ወይም በግራ እንደመንዳት ነው። ሁለቱም ያስኬዳል፤ የሚያጋጨው መደባለቁ ነው።

ራሳችን ካልወሰንን ሌላው ይወስንልናል። ከሐይቅ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ ያለችውን ውጫሌን ተመልከቱ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት ቦታ ናት። ጣሊያኖች በራሳቸው አጻጻፍ በዩ ጀምረው ሁለት ሲ ደርበው ጻፏት፤ ብዙ የእንግሊዝኛ የታሪክ መጽሐፍም እንዳለ ገለበጠው። የውጫሌ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ የአገሩን ስም ቢያይ አያውቀውም። በሌላ በኩል ቱርክን እዩ። በእንግሊዝኛ ስሟ ከአንድ ትልቅ የዶሮ ዘመድ ወፍ ስም ጋር አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ለተባበሩት መንግሥታት ደብዳቤ ጻፈች፤ በራሷ ቋንቋ እንደምትጠራው እንዲጻፍ ጠየቀች፤ ተቀበሏት። አገር ስሙን ማስተካከል ከቻለ ከተማ አያቅተውም።

የከተማው አስተዳደር አንድ አጻጻፍ ወስኖ ታፔላው፣ ማኅተሙና ገጹ ላይ ቢያውለው ብዙ ነገር ይቀላል። እሱ እስኪሆን ግን እኛም ስልክ ይዘናል። ካርታ ላይ የተሳሳተ ስም ስታዩ «አስተካክል» የምትለዋን ተጫኑ። ሱቅ፣ ገጽ ወይም ቻናል ስትከፍቱ አንዱን አጻጻፍ ይዛችሁ እሱኑ ተከተሉ። ከዚያ በፊት ግን ፋይዳችሁን፣ የትምህርት ማስረጃችሁንና ፓስፖርታችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የራሳችሁን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ ዛሬ መሯሯጥ ይሻላል፤ ቀነ ገደብ ማንንም አይጠብቅም።