ሦስት ስምንተኛው ለአጎት፦ የሞሮኮ ዑለማና የሸሪዓ ትርጓሜ ክርክር

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያው አዋጅ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሰው ካዛብላንካ ውስጥ ሞተ እንበል። ትቶት የሄደው ሀብት አንድ አፓርታማ ነው። ሚስት አለችው፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ወንድምም አለው። በሞሮኮ ሕግ አፓርታማው ስምንት ቦታ ይከፈላል፦ አንዱ ለሚስት፣ አራቱ ለልጅቷ፣ ሦስቱ ለወንድምየው። ወንድምየው “ድርሻዬን ስጡኝ” ካለ እናትና ልጅ ወይ ገንዘብ ፈልገው ይከፍሉታል፣ ወይ ቤቱ ይሸጣል። ሟቹ ከሴቷ ጋር አንድ ወንድ ልጅም ቢኖረው ኖሮ ግን አጎትየው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም ነበር።

ቀሪው ንብረት በአባት በኩል ለሚቀርበው ወንድ ዘመድ የሚሄድበት ይህ ሥርዓት በፊቅህ ቋንቋ “ተዕሲብ” ይባላል። በዲሴምበር 2024 የሞሮኮ የቤተሰብ ሕግ (ሙደወና) ማሻሻያ ይፋ ሲደረግ የዑለማ ከፍተኛ ምክር ቤት እጁን ካልሰጠባቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው። የቀሩት ሁለቱ የአባትነትን ሐረግ (ነሰብ) በዘረመል ምርመራ ማረጋገጥና በሙስሊምና ሙስሊም ባልሆነ ሰው መካከል መወራረስ ናቸው። ሌሎቹን አብዛኞቹን ሐሳቦች ምክር ቤቱ ተቀብሏል፣ ወይም ከሸሪዓ ጋር የሚስማሙበትን መንገድ አመላክቷል።

ዜናው እንደ ወጣ ክርክሩ ወደ ለመደው ቦይ ገባ። አንዱ ወገን “የአላህን ቃል በምዕራባውያን ጩኸት ሊለውጡት ነው” አለ። ሌላው ወገን “በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሕግ እስከ መቼ?” አለ። ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ጥያቄው “ጽሑፉ ወይስ ዘመኑ” ነው ብለው ማሰባቸው። አለመግባባቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት ነው። ተዕሲብ ራሱ ጽሑፍ ነው ወይስ ትርጓሜ?

ቁርኣን በሱረቱ-ን-ኒሳእ 11ኛው አንቀጽ ላይ ለብቸኛ ሴት ልጅ ግማሽ፣ ከሁለት በላይ ለሆኑ ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ይሰጣል። ሁለቱንም ዑለማው ከዚሁ ጋር ደምረዋቸዋል። ከዚያ የተረፈው ለአጎት ይሂድ የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም። ይህ የመጣው ከሐዲስ ነው፦ ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉት ባለ ድርሻዎች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የተረፈው ለቅርቡ ወንድ ነው። አራቱም የሱኒ መዝሀቦች በዚህ ሐዲስ ሠርተዋል። የሺዓው ጀዕፈሪ መዝሀብ ግን አልተቀበለውም፤ በዚያ ቀሪው ተመልሶ ለሴት ልጅ ይሰጣል። ያው ቁርኣን፣ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች።

የሞሮኮ ዑለማ ባዶ እጃቸውን ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ እንዲያውም ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በኡሑድ ጦርነት የተሠዋው ሰዕድ ኢብኑ-ረቢዕ ሚስት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ መጥታ ነበር። የልጆቹ አጎት የወንድሙን ንብረት ጠቅልሎ ወስዶት ነበርና። የውርስ አንቀጹ የወረደው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ነቢዩም አጎትየውን አስጠርተው ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛ እንዲሰጥ፣ የተረፈው የእሱ እንደሆነ ነገሩት። የተዕሲብ ደጋፊዎች “ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር ትፈልጋላችሁ?” ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ግን ይኸው ዘገባ ሌላም ነገር ይናገራል። አንቀጹ የወረደው በማን ላይ ነው? ሁሉንም በጠቀለለ አጎት ላይ። ሴት ልጅ ምንም በማትወርስበት ማኅበረሰብ ውስጥ አጎትን ከስምንት እጅ ስምንቱን ይዞ ከነበረበት ሁለት እንኳ ወደማይሞላ ድርሻ ያወረደ ሕግ ነው። ለእሱ የተተወው ደግሞ በነፃ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሥርዓት አባታቸው የሞተባቸውን ሴቶች የሚመግብ፣ የሚያስጠጋ፣ ጥቃት ሲደርስባቸው የሚቆምላቸው፣ ጎሳው የደም ካሳ ሲጠየቅም አብሮ የሚከፍለው የአባት ወገን ነው። ውርሱና ግዴታው አብረው ይሄዱ ነበር። ዛሬ የካዛብላንካው አጎት ድርሻውን ለመጠየቅ ፍርድ ቤት አለለት፤ የወንድሙን ልጅ እንዲያሳድግ የሚያስገድደው ሕግ ግን የለም። ግዴታው ጠፍቶ ጥቅሙ ብቻ ሲቀር፣ ያው ሕግ ነው የሚሠራው ማለት ይቻላል?

“ይህ ምክንያት ፍለጋ ነው፣ ሕግ በምክንያቱ መጥፋት አይጠፋም” የሚል መልስ ይሰጣል። ሊሰጥም ይገባዋል፤ ምክንያት በመፈለግ ብቻ ሁሉንም ሕግ መናድ ይቻላልና። ነገር ግን ኸሊፋ ዑመር በረሃቡ ዓመት የሌባን እጅ መቁረጥ አቁመዋል። ቁርኣን ከዘካ ተቀባዮች መካከል በስም የጠራቸውን “ልቦቻቸው የሚለማመዱ” የተባሉትን ሰዎች ድርሻም እስልምና በርትቷል፣ አያስፈልግም ብለው ከልክለዋል። ጽሑፉ አንድም ፊደል አልተነካም። የተመዘነው የሚሠራበት ሁኔታ መኖር አለመኖሩ ነው። ዑመርን “ዘመናዊ” ብሎ የከሰሰ ማንም የለም።

ወደ ሞሮኮ እንመለስ፤ አገሪቱ የማሊኪ መዝሀብ ተከታይ ናት። በማሊኪ ፊቅህ ወሊይ ከኒካሕ ማዕዘናት አንዱ ነው። በ2004 የወጣው ሙደወና ግን ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷ ኒካሕ ማሰር እንደምትችል ደነገገ። ከየት አምጥቶ? ከሐነፊ መዝሀብ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 12 ቀን 2000፣ በዚሁ ዓይነት ማሻሻያ ሳቢያ በአንድ ቀን ራባት ላይ የደጋፊዎች፣ ካዛብላንካ ላይ የተቃዋሚዎች ታላላቅ ሰልፎች ወጥተው ነበር። ሕጉ ሲወጣ ሰማይ አልተደፋም። ያው ሕግ ውርስንም ነክቷል፦ እናታቸው ከአያታቸው ቀድማ የሞተችባቸው የልጅ ልጆች እንደ ወንዱ ልጅ ልጆች “የግዴታ ኑዛዜ” ድርሻ እንዲያገኙ አደረገ። ይህ የግዴታ ኑዛዜ ራሱ ግብፅ በ1946 በሕግ ያወጣችው መላ ነው፤ በአራቱ መዝሀቦች የታወቀ ደንብ አልነበረም። ስለዚህ “ውርስ አይነካም” የሚለው አነጋገር የሞሮኮን የራሷን ሕግ መጽሐፍ አይገልጽም። ውርስ ተነክቷል፤ ዑለማውም አብረው ኖረዋል።

ቱኒዚያ ተዕሲብን የፈታችው በ1959 ነው። ሥር ነቀል ነገር አላደረገችም፤ “ረድ” የሚባለውን የፊቅህ መንገድ ወስዳ ቀሪው ከአጎትና ከአጎት ልጆች ቀድሞ ወደ ሴት ልጅ እንዲመለስ በግል ሁኔታ ሕጓ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረች። ቱኒዚያም ሱኒ ናት፣ ማሊኪ ናት። ከስድሳ ዓመት በላይ በዚሁ ትሠራለች። በ2018 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቤጂ ቃኢድ ሰብሲ ወንድና ሴት እኩል ይውረሱ የሚል ረቂቅ አቀረቡ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አጸደቀው፤ ፕሬዚዳንቱ በጁላይ 2019 ሞቱ፤ ረቂቁም ሕግ ሳይሆን ቀረ። ተተኪያቸው ቀይስ ሰዒድ የቁርኣኑ ቃል ግልጽ ነው ብለው በሩን ዘጉት። ሁለቱን ማነጻጸር ለተሐድሶ ፈላጊዎች የሚጎመዝዝ ትምህርት አለው። ከፊቅህ ውስጥ ተፈልጎ የወጣው መፍትሔ መንግሥታት ቢቀያየሩም ጸንቷል። ከውጭ የመጣ የመሰለው በአንድ ሰው ሞት አልፏል። እኩልነቱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ መንገዱ ግን ለውጥ ያመጣል።

ታዲያ የሞሮኮ ምክር ቤት ለምን እምቢ አለ? አንድ ግምት አለ፣ ተራ ግምት ግን አይደለም። በቅኝ ግዛት ዘመንና ከዚያ በኋላ ንግዱ፣ ወንጀሉ፣ መሬቱ፣ አስተዳደሩ አንድ በአንድ ከሸሪዓ ወጥተው ወደ ፈረንሳይ ሠራሽ ሕግ ገቡ። ባንኮች በወለድ ይሠራሉ፤ ሌባ የሚቀጣው በእስራት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የፈትዋ ጦርነት አልተነሣም። ለሸሪዓ የቀረችው ግዛት ቤተሰብ ብቻ ናት፤ የቀረችውን አንዲት ግዛት ደግሞ ማንም በቀላሉ አይለቅም። የዚህ ሁሉ መንግሥታዊ ስምምነት ዋጋ የሚከፈለው በሴቶች ልጆች ድርሻ መሆኑ ነው ችግሩ።

የዘረመል ምርመራው ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው። በሥራ ላይ ባለው ሕግ አንድ ባል “ልጁ የእኔ አይደለም” ብሎ ሲከራከር በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሳይንስ ምርመራ ማስረጃ ይሆንለታል። ከኒካሕ ውጭ የወለደች ሴት “አባቱ እሱ ነው” ብላ ያንኑ ምርመራ ስታቀርብ ግን ነሰብ አያስገኝላትም። መሣሪያው አንድ፣ የሚሠራው ግን ለመካድ ብቻ። በ2017 የታንጀር ፍርድ ቤት በምርመራው ውጤት ተመሥርቶ ለእናት ካሳ ፈርዶ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፣ በ2020 ሰበር ሰሚውም ሽረቱን አጸና። የዑለማው መሠረት ልጅ የሕጋዊው መኝታ ነው የሚለው ሐዲስ ነው። ሐዲሱ ግን የተነገረው መኝታው ባለቤት ባለው ጉዳይ ላይ ነው። ባለቤት በሌለበት ግን ልጁ ከአባቱ ጋር ሊያያዝ ይችላል ያሉ የቀደሙ ሊቃውንት አሉ፤ ኢብኑ ተይሚያ አንዱ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ማንም ለዘብተኛ ብሎ አይጠራም። የመልክና የእግር ቅርጽ አይቶ ዝምድና የሚለይ ሰው ምስክርነት እንኳ በጥንቱ ፊቅህ በተወሰኑ ጉዳዮች ተቀባይነት ነበረው። የእግር ጣት አይቶ የተናገረ ታምኖ ላቦራቶሪ የማይታመንበት ምክንያት ቢብራራ መልካም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ቅሬታ። በሞሮኮ የ2011 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መሠረት ምክር ቤቱን የሚመራው ንጉሡ ነው፤ ይፋዊ ፈትዋ የሚያወጣውም ይኸው ምክር ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ብቸኛ ሥልጣን የያዘ አካል ዝርዝር ማስረጃውን ለሕዝብ የማስረዳት ዕዳ አለበት። የቀደሙት ፉቀሃእ አንዱ የሌላውን ማስረጃ እየጠቀሰ፣ እያፈረሰ፣ እየተቀበለ ብዙ ጥራዝ ጽፈዋል። ኢጅቲሃድ የሚባለው ያ ነው። በሚኒስትር አንደበት የተነገረ “ይህ ይፈቀዳል፣ ያ አይፈቀድም” የሚል ማጠቃለያ ከዚያ ወግ ጋር ዝምድናው የራቀ ነው። በ2018 መቶ ያህል ምሁራን ተዕሲብ እንዲቀር ፈርመው ሲጠይቁ፣ በውርስ ጉዳይ አቋማቸው የታወቀው አስማ ላምራበት ደግሞ በዚያው ወቅት ከሙሐመዲያ የዑለማ ማኅበር የሴቶች ጥናት ማዕከል ኃላፊነታቸው ለቀቁ። ክርክሩ ከአዳራሹ ወጥቶ ጎዳና ላይ ሲቀር የሚጠቀመው ማንም የለም፣ ፊቅህንም ጨምሮ።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የራቀም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5)፣ የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 188ም በዝርዝር፣ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ ጋብቻና ውርስ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲዳኙ ይፈቅዳሉ። የሚሠራበት የውርስ ሕግ በአንቀጽ ተጽፎ የወጣ አይደለም፤ ቃዲው የሚፈርደው በሻፊዒ ወይም በሐነፊ ኪታብ ነው፤ ሁለቱም ቀሪውን ለአጎት ይሰጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ስለዚህ ለአንዲት ወላጅ አልባ ልጅ የምትዳኝበትን ችሎት መምረጧ የግማሽ ቤት ጉዳይ ነው። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከራካሪ እንደ ፈቀደ መቆጠሩን ስንቱ ያውቃል?

የሞሮኮ ዑለማ በተዕሲብ ፈንታ ያመላከቱት መፍትሔ ሂባ ነው፤ አባት በሕይወት እያለ ለሴት ልጆቹ የፈለገውን በስጦታ ይስጥ፣ ልጅቷ ንብረቱን በእጇ ባታስገባም ርክክቡ እንደተፈጸመ ይቆጠርላት። በማሊኪ ፊቅህ ስጦታ ያለ ርክክብ ስለማይጸና ይህ እውነተኛ ማቅለያ ነው። በሕይወት የቀረ ባል ወይም ሚስት በትዳር ቤቱ የመቆየት መብት እንዲያገኝም ሐሳብ ቀርቧል፤ መቆየት ሌላ፣ ባለቤት መሆን ሌላ ቢሆንም። ሂባው የሚጠቅመው ሞቱን ቀድሞ ላሰበ፣ የመዝገብ ክፍያ ለማይከብደው፣ ከወንድሞቹ ጋር መቃቃርን ለማይፈራ አባት ነው። ደግሞም አጎትን ከውርስ ማስወጣት በአባት ብዕር ከተፈቀደ፣ ውጤቱ ራሱ ሐራም አይደለም ማለት ነው። በመኪና አደጋ በአርባ ዓመቱ የሞተው አባት ግን ምንም አልፈረመም፤ ለእሱ ልጅ አሁንም አራቱ የእሷ፣ ሦስቱ የአጎት ነው።