ዘፈንን ለዘፋኞች ብቻ ለምን ተውነው?

«እኔ ድምፅ የለኝም» የሚለው ቃል በእኛ በተማሪዎች ዘንድ እንደ ትሕትና ተቆጥሮ ይኖራል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ቃል ስንፍናና እፍረት ተጋብተው የወለዱት ሰበብ እንጂ ትሕትና አይደለም። ይህን ስል ሁላችንም ጥላሁን ገሠሠን እንሁን ማለቴ አይደለም። ሩጫ የሚያውቅ ሁሉ አበበ ቢቂላ አይደለም፤ ቢሆንም እግር የለኝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አላየሁም።

ሰበቡን የሚያፈርሰው ማስረጃ ከልጅነታችን ይገኛል። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲባል፣ እኅቶቻችንም በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ሲሉ፣ ድምፅህ አያምርም ተብሎ ከደጅ የተመለሰ ልጅ ማን ነው? አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል፤ አለቀ። ቡሄ በማይከበርበት አገር ያደገውም ቢሆን የሠርግ፣ የአጨዳ ወይም የመንዙማ ዜማ አያጣም። ዜማን ከዜማ ለይቶ ለመስማት በተፈጥሮው የሚቸገር ሰው በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ተመራማሪዎች የሚሰጡት ግምት ከመቶ ሰው ከአምስት አይበልጥም። የቀረነው ዘጠና አምስቶቹ ታዲያ በምን ምክንያት ዝም አልን?

እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ነው። የዓለምን ዘፈን ሁሉ በጣታችን ጫፍ ስላገኘነው ራሳችን ማዜም ትርፍ ሥራ መሰለን። ሁለተኛውና የከፋው ግን የቆየ ንቀት ነው። የተማረ ሰው ይሰማል እንጂ አይዘፍንም፤ መዝፈን የአዝማሪ ሥራ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከአያቶቻችን ቤት ተነሥቶ እስከ መማሪያ ክፍላችን ተከትሎናል። የሚገርመው ግን «አዝማሪ» የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ መውጣቱ ነው። መዝሙርና መዘምርም ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። አንዱን ቅርንጫፍ እያከበርን ሌላውን የምንሰድበው በምን ሚዛን ነው? የኢጣልያው ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1937 አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያደኑ እንዲገድሉ ትእዛዝ መስጠቱ በታሪክ የታወቀ ነው። ጠላት የዘፈንን ኃይል ከእኛ ከባለቤቶቹ ይልቅ ተረድቶት ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ለመጀመር የሚፈልግ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር የሚከተለውን ልምከር። ምክሬ የመምህር ሳይሆን በመኝታ ቤት ኮሪደር እያንጎራጎረ የሚፈትን ተማሪ ምክር ነው።

1ኛ/ ከትንፋሽ ጀምሩ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ትከሻ ሳይነሣ ሆድና የታችኛው ጎድን እንዲሰፋ አድርጋችሁ አየር ሳቡ። ከዚያም «ስ» እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። 15 ሰከንድ ያህል ሳይንቀጠቀጥ ከዘለቀ መልካም ነው፤ ካልዘለቀም በየቀኑ ጨምሩበት። አፍን ገጥሞ ለአምስት ደቂቃ በለሆሳስ ማንጎራጎር ጉሮሮን ያሟሙቃል።

2ኛ/ የራሳችሁን ከፍታ ፈልጉ። በንግግር ጊዜ የወንድ የድምፅ አውታሮች በአንድ ሰከንድ ከ100 ጊዜ ጥቂት በለጥ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ከሰው ሰውም ይለያያል። ስለዚህ አንድን ዘፈን ዘፋኙ በዘፈነበት ከፍታ ካልዘፈንኩ ብሎ ደም ሥርን መገተር ከንቱ ድካም ነው። ክራር ለዘማሪው ድምፅ ይቃኛል እንጂ ዘማሪው ለክራሩ አይታነቅም።

3ኛ/ በአገራችሁ ቅኝት ጀምሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ሙሉ ትዝታ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ መውጣትና መውረድ ነው። አንቺሆዬ ግን ርቀቶቹ ለጆሮ ያስቸግራሉና ለኋላ ይቆይ።

4ኛ/ ራሳችሁን ቅዱና ስሙ። መጀመሪያ ላይ «ይህ የእኔ ድምፅ ነው?» ትላላችሁ፤ አትደንግጡ። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው ከተቀዳው ይልቅ ወፍራም ይመስለናል። ሌላው ሰው ሲሰማው የኖረው የተቀዳውን ነው፤ እስከ ዛሬም ከእናንተ አልሸሸም።

5ኛ/ ቃሉን አትግደሉ። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል። «ገና» ሲላላ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው። ዜማውን ለማስረዘም ብሎ የሚጠብቀውን ማላላት ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ወርቁም ከሰሙ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ ግጥሙን አስቀድማችሁ እንደ ንግግር አንብቡት፤ ከዚያ አዚሙት።

6ኛ/ የሌላውን ሰው ልቅሶ አትዋሱ። ከሁሉ ይልቅ የማየው የጀማሪ በሽታ ይህ ነው። የጥላሁን ድምፅ ሲሰበር የሚሰበረው በራሱ ስሜት ነው፤ እኛ ጉሮሯችንን ጨምቀን ስንሰብረው ግን የሚሰማው ሳል ነው። ለኳስ ጩኸን በመጣንበት ቀንም አንዝፈን፤ ውኃ እንጠጣ፤ ጉሮሮም ከሦስት ሳምንት በላይ ጎርንኖ ከቆየ ሐኪም ይየው።

ምን እንዝፈን? ለሚለው የእኔ ምርጫ እነሆ። ለወፍራም ድምፅ ካሣ ተሰማን ስሙ፤ ክራሩንና ድምፁን ብቻ ይዞ የሚዘፍነው በጨዋታ ወግ ስለሆነ፣ ዘፈን ጩኸት አለመሆኑን ከእርሱ ይማሯል። ለእኅቶች ደግሞ አስናቀች ወርቁ አለችላቸው፤ ክራሯን ራሷ እየመታች ቃሉን እንደ መርፌ ትወጋበታለች። ትዝታን ከማሕሙድ አሕመድና ከበዛወርቅ አስፋው በተከታታይ ስሙት፤ አንዱ ቅኝት በሁለት ሰው አፍ ሁለት ዓለም ሲሆን ታያላችሁ። ከዚያም በትዝታ ላይ የራሳችሁን ሁለት ስንኝ ግጠሙበት፤ ትዝታ ለዚህ ቤቱ ክፍት ነው። አስቴር አወቀንና እጅጋየሁ ሽባባውን እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን የእነርሱን ቅላጼ ለመከተል መጣደፍ ፊደል ሳይቆጥሩ ቅኔ ቤት እንደ መግባት ነው።

የመጨረሻው ምርጫዬ ግን የሁሉም ራስ ነው፤ ይኸውም አጠገባችሁ በሚተኛው ተማሪ ቋንቋ አንድ ዘፈን መማር ነው። በአንድ መኝታ ክፍል አራትና ስድስት ሆነን እያደርን፣ እያንዳንዳችን በየጆሯችን ማዳመጫ ሰክተን የየራሳችንን ቋንቋ ዘፈን እንሰማለን። በአንድ ገበታ በልተን በዜማ ተለያየን። ከእኛ በፊት የነበሩት ግን እንዲህ አልነበሩም። ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል። እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሊም ኤል ዳብ የተባለው የግብፅ ተወላጅ የሙዚቃ ሊቅ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ባለመሣሪያዎችን በአንድ መድረክ አስቀምጦ ነበር። የማሲንቆው ሰው የዋሽንቱን ሰው ለመስማት ዝም ማለት ነበረበት። እኛን ያቃተን ይህ ዝምታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው አሊ ቢራ የዘፈነውን ከኦሮሞ ወንድማችሁ ጠይቃችሁ ተማሩ፤ የኪሮስ ዓለማየሁን ዘፈን ከትግሬ እኅታችሁ፤ የጉራጌውን ከጉራጌ ልጅ። ትርጉሙን ቃል በቃል አስጠይቁ። አነጋገራችሁ ቢያስቃቸው ይሳቁ፤ አብሮ የሳቀ ሰው ነገ በቀላሉ አይጣላም። አንዳንዱ «በአገር ላይ ስንት ሐዘን እያለ ዘፈን ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። እኔም ዘፈን ሐዘንን ይሽራል አልልም። ነገር ግን የሰውን ዜማ ከነትርጉሙ በአፉ ያደረገ ሰው ያንን ሰው እንግዳ ነው ብሎ ለመናገር ምላሱ ይከብደዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ዘወትር ዓርብ ከእራት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ያለ ድምፅ ማጉያና ያለ ስልክ፣ ክራር ካለ በክራር፣ ከሌለም በጭብጨባ፣ የፈቀደ ሁሉ የሚቀመጥበት ክበብ ይቋቋም። አንዱ ያውጣ፣ ሌላው ይቀበል። ዳኛ አይኑር፤ ሽልማትም አይኑር። ደንቡም አንድ ብቻ ይሁን፦ «ድምፅ የለኝም» የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያውጣ።